ሰጎን፣ ሎንቺናውና እኔ

ጥቅምት 4 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። ሱቅ ከፈትን። አቧራ ጠረግሁ። ሸኩርን አስደነገጥሁ። እንደ ሁልጊዜው።

ሸኩር አሠሪዬ ነው፤ ሂርማታ ገበያ ዳር ሬዲዮ ይጠግናል፣ ካሴት ይቀዳል። ዛሬ የእትዬ ሙሉእመቤትን ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ሲያጎነብስበት፣ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ በዜና አንባቢ ድምፅ፣ "በጅማ ከተማ ነዋሪ የሆኑት ሬዲዮ ጠጋኝ አቶ ሸኩር ሱሪያቸው ማጠሩን ወኪላችን ዘግቧል" አልኩ። ሽቦው ተነቅሏል፣ ባትሪ ድንጋይ የለው... ሬዲዮው አወራ! ሸኩር ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ።

"ወላሂ አንድ ቀን በአንቺ የተነሳ ልቤ ቀጥ ይላል!"

ከዚያ ሳቀ። ሁሌም ይስቃል፣ ለዚህ ነው የማያባርረኝ። ከስምንተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ የተማርኩት ሙያ ይኸው ነው፤ ድምፅ መቅዳት። በካሴትም፣ በጉሮሮም።

ጥቅምት 9

ከአዲስ አበባ ሰው መጣ። አቶ ወልደሰማያት ይባላሉ፤ የሰጎን ጎማ ወኪል። ጫማቸው መስታወት ነው፤ ጎንበስ ብዬ ፀጉሬን አስተካከልኩበት። አዩኝ።

ለሸኩር አንድ ካርቶን ባዶ ካሴት በነፃ ሰጡት። ባዶ ካሴት በጠፋበት ጊዜ! በነፃም አይደል ለነገሩ... በምንቀዳው ዘፈን ሁሉ መሐል መሐል የሰጎንን ማስታወቂያ እንድናስገባ ነው። ከበሮ ይመታል፣ ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ፦ "ሰጎን ጎማ! ከፊት ያለ ሁሉ ከኋላ ይቀራል!"

መናኸሪያው በር ላይም ሰጎን አስለዋል። ስትሮጥ። ቅልጥሟ የስልክ እንጨት ያህላል። ለሾፌሮች ሰጎን ያለበት ኮፍያ አደሉ፤ በዚህ የቡና ወቅት ሌላውን እየቀደመ ለሚገባ ደግሞ ያለ ወረፋ አዲስ ጎማ አለ ተብሏል።

"ጋሼ፣ ሰጎን ፍሬን አላት እንዴ?" አልኳቸው።

"ሰጎን ፍሬን አያስፈልጋትም፣ ልጄ" ብለው ሳቁ።

ሸኩር እግሬን ረገጠኝ።

ጥቅምት 13

የእህቴ ባል ጎሳዬም ኮፍያ ደርሶታል። አብሮት ይበላል፣ አብሮት ይተኛል። ከጅማ ደዶ የሚመላለሰውን ሎንቺና የሚነዳው እሱ ነው። እህቴ ብርሃንነሽ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች።

ራት ላይ፦

"ኮፍያውን አውልቅ እንጂ፣ ማዕድ ነው" አለችው።

"ሰጎንም ትቀመጥ፣ ምን አለበት?"

"መቀመጥ ብታውቅማ መች ጠላናት" አልኩ እኔ።

አልሰማኝም። "ዛሬ ዘለቀን ጠመዝማዛው ላይ ቀደምኩት! አቧራዬን ሲበላ ዋለ!" እያለ ነበር።

እህቴ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ዕቃ ስናጥብ ቀስ ብላ፣ "ትርፌ፣ የመኪናውን ጥሩምባ እስክሰማ ድረስ የቀመስኩት ሁሉ አፈር አፈር ይለኛል። ይኼን ልጅ ያለ አባት እንዳላሳድግ ነው የምፈራው" አለችኝ።

ቀልድ ፈለግሁላት። አጣሁ። እኔ!

ጥቅምት 16

እናቴን ልጠይቅ ከጎሳዬ ጋር ደዶ ሄድኩ። ደርሻለሁ። ነፍሴ ግን በሚቀጥለው መኪና ነው የምትመጣው።

ጥቅምት 17

እሺ፣ አሁን ልጻፍ።

ትናንት ተሳፋሪው ሁሉ ሲጸልይ ነበር። ግማሹ "በስመ አብ"፣ ግማሹ "ቢስሚላህ"። አዴ ሶረቲ ከደዶ ድንች እያመጡ ሂርማታ የሚሸጡ ናቸው፤ እቅፋቸው ውስጥ ያለችው ዶሮ እንኳ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ለሾፌሩ ግን አንድ ቃል የተናገረ የለም። ለምን? መሪ የያዘ ሰው ይታፈራል። ገደል መግባት ይሻላል እንጂ ሾፌር እንዴት ይታዘዛል?

እኔ ተናገርኩ። "ጋሼ፣ ቀስ በል።"

"አንቺ ካሴትሽን ቅጂ።"

እና አንድ ነገር አየሁ። ከፊት ስለተቀመጥኩ እግሩ ይታየኛል። ቴፑ እኛ የቀዳነውን ካሴት ያጫውታል፤ ዘፈን ሲሆን እግሩ ደህና ነው። "ከፊት ያለ ሁሉ..." ሲል እግሩ ነዳጁ ላይ ይወርዳል! ጠበቅኩ። እንደገና ማስታወቂያው መጣ... ወረደ! እሱ አያውቀውም። እምላለሁ አያውቀውም። መኪናውን የሚነዳው ጎሳዬ፣ ጎሳዬን የምትነዳው ሰጎን።

አይ ወልደሰማያት... አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ደዶ መንገድ ላይ የሰው እግር ያዛሉ!

ሰጎን ካሴት ውስጥ መግባት ከቻለች፣ እኔስ?

ጥቅምት 22

ሸኩር ጁምዓ ሄዷል። ሱቁን ዘግቼ ሥራ ላይ ነኝ።

የሰዓት ምልክቱን በብርጭቆና በማንኪያ ሠራሁት። ቁርጥ እሱን። ከዚያ ኮስተር ብዬ፣ በዜና አንባቢ ድምፅ፦

"አሁን የመንገድ ዜና እናሰማለን። ወደ ደዶ በመጓዝ ላይ የምትገኝ አንዲት ሎንቺና እየከነፈች መሆኗ ተደርሶበታል። ሾፌሩ ባለ ኮፍያ ነው። ተሳፋሪዎች ቀስ በል እንዲሉት ይጠየቃሉ። እንጠብቃለን።"

እዚህ ላይ ዝም። ረጅም ዝም። ከዚያ፦

"አልሰማንም። ድገሙት።"

ዘፈኑ ይቀጥላል። የቀዳሁት ሰጎኗ የነበረችበት ቦታ ላይ ነው፤ እሷን አባርሬ። ውይ ደስ ሲል! ብቻዬን መሬት ላይ ተንከባለልኩ።

ጥቅምት 24

ዛሬን ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

ካሴቱን "አዲስ የገባ ነው" ብዬ ለጎሳዬ ሰጠሁትና ኋላ ተቀመጥኩ። ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ ቲን፣ ቲን፣ ቲን...

ሰዉ ጸጥ አለ። ዜና ነዋ! የሎንቺናው ሬዲዮና ቴፕ አንድ ላይ ናቸው፣ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? ጎሳዬ ቴፑን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። "ባለ ኮፍያ ነው" ሲል ተሳፋሪው በሙሉ ኮፍያውን አየ። "እንጠብቃለን" ሲል ግን... ማን ይጀምር? እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እ... ቀስ ብትል" አሉ፣ በሹክሹክታ።

"አልሰማንም። ድገሙት።"

ወይ ጉድ! አዴ ሶረቲ ከነዶሯቸው ብድግ አሉ። "ራዲዮን ዱበቴ! ሬዲዮው ተናገረ እኮ! ሱታ! ሱታ ዴሚ!" ከዚያማ አማርኛው ከኦሮምኛው ተደባልቆ፣ "ቀስ በል! ሱታ! ሱታ!" የዓመቱን ሁሉ ነው የጮሁት። ዶሮዋም ጮኸች።

ጎሳዬ እግሩን አነሳ። ካሴቱን ሊያወጣ እጁን ሲዘረጋ፣ "ተው፣ ዜናው አላለቀም!" ብለው ከለከሉት።

ከዚያ እየተንፏቀቅን ሄድን። ሰዉ ማውራት ጀመረ። አንዱ በመስኮት እያየ "ለካ እዚህ ጋ ወንዝ አለ!" አይልም? ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰበት መንገድ ነው!

ስንወርድ አዴ ሶረቲ ጉንጬን ቆነጠጡኝ። "ሬዲዮዋ፣ ለጉሮሮሽ ማር አመጣልሻለሁ" አሉኝ በጆሮዬ።

ያውቃሉ! ከመጀመሪያው ያውቃሉ! ታዲያ ለምን እንደዚያ...? ቆይቶ ገባኝ። ሾፌርን መናገር ነውር ነው። ሬዲዮ ካዘዘ ግን ምን ነውር አለው?

ጥቅምት 28

ወሬው አሰንዳቦ ደርሷል። ሬዲዮ መንገድ ያያል እየተባለ ነው። ሾፌሮች መታጠፊያ ላይ ወደ ሰማይ ያያሉ አሉ። መንገዱን ቢያዩ አይሻልም?

ኅዳር 1

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ከፈለ ሱቅ መጡ። የቀበሌ ሊቀመንበር ካሴት ሊገዛ አይመጣም። ገና በር ላይ ሳሉ ሸኩር "ያ አላህ፣ ያ አላህ" ማለት ጀመረ።

"በሬዲዮ ስም የሚናገር ሰው አለ ይባላል" አሉ።

 ከዚህ ባነሰ ነገር ተጠርቶ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

"እስቲ አጫውቺው።"

ያስቀረሁትን ቅጂ አጫወትኩ። "...እንጠብቃለን።" ዝም። ሦስታችንም ዝም። ያን ዝምታ ምን ብዬ አስረዘምኩት! "አልሰማንም። ድገሙት።"

"ቀስ በል" አሉ ጓድ ከፈለ።

አመለጣቸው! ሸኩር ጣሪያውን ማየት ያዘ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ልበጥሰው ደረስኩ። ጓድ ከፈለ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ደብተራቸውን ከግራ ብብት ወደ ቀኝ አዛወሩ።

"የሰዓት ምልክቱ ይውጣ። ዜና የሚለውም ይውጣ። የሚናገረው ሰው በገዛ ስሙ ይናገር። ገባሽ?"

"ገባኝ ጓድ። የቀረውስ?"

በሩ ላይ ቆም አሉ። "እናቴ በዚያ ሎንቺና ነው የሚመላለሱት። የቀረው ይቆይ።"

ሲሄዱ ሸኩር አንድ ጆግ ውኃ ጠጣ። ከዚያ ሁለታችንም ጠረጴዛው ሥር ገብተን ሳቅን።

ኅዳር 3

አሁን ካሴቱ "እኔ ትርፌ ነኝ፣ የሾፌሩ ሚስት እህት" ብሎ ይጀምራል። ተሳፋሪው እየጠየቀ ጎሳዬ ማጫወቱ አልቀረለትም። ሰማው።

ቤት ገባ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። "በሰው ፊት አዋረድሽኝ" አለ። "ሾፌር ነኝ እኮ እኔ፣ ትርፌ። ሕፃን ነኝ?"

መልስ ነበረኝ፣ የሚያስቅ። ዋጥኩት። ዓይኑ ቀልቷላ።

እህቴ ናት የመለሰችው። "እሷ ባትናገር እኔ መች እናገር ነበር? ጥሩምባህን ካልሰማሁ እህል አይወርድልኝም። በሄድክ ቁጥር። ታውቃለህ?"

አያውቅም ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት። እሷን አየ፣ ሆዷን አየ...

ኮፍያውን አወለቀ። ማዕድ ላይ።

ኅዳር 6

ዶሯችን ኮፍያው ውስጥ እንቁላል ጣለች። ጎሳዬ አየ፣ አላነሳትም። "ደህና ጎማ ናት" አለኝ። ከሦስት ቀን ኩርፊያ በኋላ አናገረኝ!

ኅዳር 19

ዘለቀ ሊቀድም ሲል ከነሎንቺናው ቡና እርሻ ውስጥ ገባ። ሰዉ ተርፏል። ሸኩር አልሀምዱሊላህ ይላል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። በዘለቀ ላለመቀለድ ወስኜ ነበር። ሱቅ ሲመጣ ግን፣ "ጋሼ፣ ቡና ለቀማ ገባህ አሉ?" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የጎሳዬን ካሴት ቅጂልኝ አለ።

ቀዳሁለት። ስሙን አስገባሁበት።

ኅዳር 27

አቶ ወልደሰማያት ተመልሰው መጡ። ካሴታቸውን ሊነጥቁን መሰለኝ። ወዲያ! ፈገግታቸው ከጫማቸው ያበራል።

"በዚህ መንገድ የሚሰማው የአንቺ ድምፅ ነው አሉ። ለእኛም ብትቀጂልንስ? 'ሰጎን ጎማ፣ ቀስ ብሎ በሰላም!'"

"ጋሼ፣ ለሰጎኗ ፍሬን ገዛችሁላት እንዴ?"

ሸኩር ሊረግጠኝ እግሩን አነሳ። ተወው።

እሺ አልኩ፣ ግን በሁለት ነገር። አንደኛ፣ ለቀዳሚ የሚሰጠው ጎማ ይቅር። ሁለተኛ፣ የመናኸሪያዋ ሰጎን ቁጭ ብላ ትሳል። ግራ ገባቸው፣ ተስማሙ።

ጎማ ሻጭ ለነፍሳችን ሲያስብ ትንሽ ይከነክነኛል... ነገ ደግሞ "ሩጡ" ቢያዋጣቸው? ያኔ አዲስ ካሴት እቀዳለኋ!

ታኅሣሥ 8

ሰዓሊው ሰጎኗን አስቀመጣት። ዶሮ መሰለች። ሰው ሁሉ "መናኸሪያ፣ ዶሮዋ ጋ እንገናኝ" እየተባባለ ነው።

ጥር 4

እህቴ ለመውለድ ደዶ እናታችን ቤት ገብታ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነዋ። እኔም አብሬያት። ጠዋት ምጡ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። አዋላጇ "ይኼ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ጅማ ውሰዷት" አለች። ጎሳዬ ሎንቺናውን ደጃችን አቆመ። አዴ ሶረቲ ድንቻቸውን ጥለው ገቡና የእህቴን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ።

እና ሰውዬው... ይሳባል! ጉድጓድ ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ይለካል፣ እንደ እንቁላል ያሳልፋታል።

"ጋሼ ንዳው! ምን ትጎተታለህ? አህያ ቀደመችን እኮ!"

"ጭነቷን አራግፋ ይሆናል" አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

"በፈጠረህ ፍጠን!"

 እጁን ሰደደና ቴፑን ከፈተ። የገዛ ድምፄ! "እኔ ትርፌ ነኝ፣ የሾፌሩ ሚስት እህት። ቀስ በል በሉት። እጠብቃለሁ።" እህቴ በምጥ መሐል ሳቀች። "ቀስ በል!" ከዚያ "ዋይ!" ከዚያ ደግሞ ሳቅ። አዴ ሶረቲ "ሱታ፣ ሱታ" እያሉ ላቧን ይጠርጋሉ። እኔ ብቻ ነኝ እጄን እየነከስኩ የተቀመጥኩት።

ጠመዝማዛውን አለፍን። ዘለቀ የገባበትን ቡና እርሻ አለፍን። ከተማ ገባን፣ ዶሮዋን አለፍን፣ ሆስፒታል ደረስን። በጊዜ ደረስን! አንድ ጊዜ እንኳ ሳያንገጫግጨን።

ኮሪደር ላይ ቆምን። ጎሳዬ ባዶ ራሱን ነው፣ ፀጉሩ ቆሟል። ከበሩ ጀርባ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። አንዴ። ከዚያ ዝም።



ጎሳዬ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። እንባው እየወረደ፣ በዜና አንባቢ ድምፅ፣ ኮስተር ብሎ፦

"አልሰማንም። ድገሙት።"

ደገመችው። ሆስፒታሉ እስኪናወጥ።