የጾም ነው ያልሽኝ ኦርዞ

ውድ አጸደ፣

«ውድ» ያልኩሽ እጄ ስለለመደ ነው። ከጋራ ቤታችን ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ፓርክዴል ሰፈር ከሄድሽ ሦስት ሳምንት ሆነ። ስልክሽን የማላነሳው ድምፅሽን ከሰማሁ እንደማለቅስ ስለማውቅ ነው።

ወንድሜ ዮሴፍ አዲስ አበባ ለልብ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ሲያዝለት፣ ስለት ስሳል አጠገቤ የቆምሽው አንቺ ነሽ። «ሁዳዴን ቡና እንኳ ሳልቀምስ እጾማለሁ፤ ከዳነልኝ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ አስገባለሁ» አልኩ። አንቺም «አሜን» ብለሻል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጾሙ በገባ በሳምንቱ ሰብዌይ ባቡሩ ውስጥ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምትሠሪበት የጣሊያን ሬስቶራንት ያንን ሩዝ የሚመስል ፓስታ፣ ኦርዞውን፣ ታመጪልኝ ጀመር። «የጾም ነው፤ ቲማቲምና የወይራ ዘይት ብቻ» አልሽኝ። በቡናው ፈንታ ደግሞ ጣሊያኖቹ የሚጠጡትን የተቆላ ገብስ ዱቄት በፓኬት አመጣሽልኝ። መጀመሪያ ፊቴን አኮሳተርኩበት፤ በሳምንቱ ያለ እሱ መዋል አቃተኝ።

ኦርዞውስ! ከሥራ ገብቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሞቀው ምራቄን እውጥ ነበር። እንዲያውም አንድ ሊትር የወይራ ዘይት ገዝቼ ራሴ ብሞክረው ጣዕሙ እምቢ አለኝ። «ችግሩ እጅሽ ላይ ነው» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ሳቅሽ ነው።

ዮሴፍ ዳነ። ከትንሣኤ በኋላ ሼፏን ላመሰግን አበባ ይዤ ወደ ሬስቶራንታችሁ መጣሁ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ሚስጥሯን ነገረችኝ፤ ኦርዞው የሚቀቀለው በዶሮ መረቅ ነው፤ ከእሳት ሊወጣ ሲል ቅቤ ይገባበታል። ቀና ስል ሳህን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሻል።

«ሩሂ፣ የወደቅሽ ቀን ዶክተሩ ደምሽ ሎው ነው፣ አንሷል ሲልሽ አብሬሽ ነበርኩ እኮ። ብዪ ብልሽ ትበዪ ነበር?»

«አልበላም ነበር።»

«በቃ፣ ሶሪ አልልሽም። ዮሴፍ ይዳን ብዬ አንቺን ልቅበር?»

 መልሱን አሁን ልንገርሽ። ስለቱ የኔ ነበር አጸደ። መውደቁም፣ መተዉም የኔ ነበር። ያለኔ ፈቃድ ፈታሽው።

ሰው ሁሉ «እንኳን ስለትሽ ሰመረ» ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ሳታውቂ ነው ልጄ፤ ጥላውን አምጪ» አሉኝ። እሳቸው ቀላል አደረጉት። እኔ ግን ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ጥላውን ባየሁ ቁጥር ትዝ የምትዪኝ አንቺ ነሽ፤ ዮሴፍ አይደለም። ወንድሜ ድኖልኝ በሙሉ ልቤ እንዳላመሰግን አደረግሽኝ።

እሑድ ጥላውን አስገባለሁ። እንዳትመጪ። እልልታሽን ከሺህ ሰው መሃል ስለምለየው አልችለውም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ገብሱ አልቆብኛል። ጾሙ ተፈትቶም ወደ ቡና አልተመለስኩም። ካጎረስሽኝና ካጠጣሽኝ ሁሉ ያልዋሸሽኝ እሱ ብቻ ነው። የምትገዢበትን ሱቅ ስም ወረቀት ላይ ጻፊና በበሩ ሥር አስገቢልኝ። እንዳታንኳኪ፤ ካንኳኳሽ እከፍትልሻለሁ።

ሩሃማ