የበርሜሉ እግሮች

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ከበበ፣ ዲላ።

አባባ፣ የጌታ ሰላም ከቤትዎ አይራቅ። እንደምን ከረሙ? የዘንድሮው ክረምት እንዴት ይዞዎታል? ሳልዎ ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይነሣብዎታል? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እግርዎስ? እግርዎን ለብቻው የምጠይቅዎ በደብዳቤዎ ስለ ሰው ሁሉ ጤና፣ ስለ ጎረቤት ላም ሳይቀር ጽፈው፣ ስለ እሱ አንድ ቃል ስለማይተነፍሱልኝ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መሥሪያ ቤትም እንደ ወትሮው ነው፤ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳወጣና ስመልስ እውላለሁ። ደህና ነኝ ልበልዎ እንጂ ዛሬ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህችን ታህል እስክጽፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ በር ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከክፍሌ ውጭ፣ ከጣሪያው ጥግ ሥር፣ በእንጨት መቆሚያ ላይ የተቀመጠ የዝናብ ውሃ በርሜል አለ። መቆሚያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የጨረስኩት ሐሙስ ዕለት ነው፤ ሰማዩ ሐምሌ መሆኑን ረስቶ ከዚያ ወዲህ ጠብ ስላላለ በርሜሉ እስከ ዛሬ ባዶውን ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ በእንጦጦ በኩል ሲጠቁር አርፍዶ፣ ልክ ሰላምታዬን ስጀምር ዝናቡ ወረደ። ይኸው አሁን ከቆርቆሮው ወደ አሸንዳው፣ ከአሸንዳው ወደ በርሜሉ ሲንዶቆዶቅ እሰማለሁ። መቆሚያው ሙሉ በርሜል ይችል እንደሆነ ዛሬ ይለይለታል። ከዚህ በፊት የሠራሁት ወድቋል፤ መውደቁንም እስካሁን ደብቄዎታለሁ።

የሰፈራችንን ውሃ ያውቁታል። የግቢው ቧንቧ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ቢሆን ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይቀራል። ሲቀር ጀሪካን ይዞ ቁልቁል እስከ ቦኖው መውረድ፣ ተሰልፎ ቀድቶ ያንን ዳገት መውጣት ነው። ሰለቸኝና ግንቦት ላይ ሾላ ገበያ ሄጄ ሬድዋን ከሚባል ነጋዴ በርሜል ገዛሁ። ሬድዋን የወራቤ ሰው ነው፤ ያገለገለ በርሜል ይሸጣል፣ ከሥሩም ቧንቧ ያስገጥማል። የምግብ ዘይት የነበረበት ነው ሲለኝ ፊቴን አይቶ እንዳላመንኩት ገባው መሰል፣ ክዳኑን ከፍቶ አሽትቺው አለኝ። ከዚያ በምን ላይ ልታስቀምጪው ነው ሲል ጠየቀኝ። ሲሞላ ሁለት ኩንታል ነው፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ የሚሸከም ነገር አለሽ ወይ፣ ካልሆነ ከብረት ላስበይድልሽ አለኝ። እኔ አፌን ሞልቼ የአናጢ ልጅ ነኝ፣ አታስብ አልኩት። እርስዎ መጋዙን ለወንድሜ ለዳንኤል፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ለእኔ ይሰጡን እንደነበር ግን አልነገርኩትም።

አራት የባሕር ዛፍ አጣና ገዛሁ። ከተራራው በወረደ በማግሥቱ ይመስለኛል፣ ልጣጩ ገና እርጥብ ነበር። አራቱንም ቀጥ አድርጌ ቀበርኳቸው፣ ከላይ ሳንቃ ደረደርኩ፣ ሚስማር በሚስማር አደረግሁት። ሲያዩት ያምር ነበር። የቤቱ ባለቤት እማማ ወርቅአየሁ፣ መቼም አይረሷቸውም፣ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ዞረው ዞረው አዩትና ለምን ይህን ያህል አስረዘምሽው፣ ድንጋይ ደርድረሽ እላዩ ላይ አስቀምጪው አሉኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ እንደሚጣመምና ሚስማሩን እንደሚለቅ እርስዎ ለዳንኤል ሲያስረዱት ሰምቻለሁ። ያኔ ወንበር በብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ ስለነበር ለእኔም የተነገረ አልመሰለኝም።

ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ እሑድ ከአምልኮ ስመለስ በርሜሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በሬን ሳልከፍት ከኋላዬ ሲጥጥ አለ። ዘወር ስል መቆሚያው ተጣሞ ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁት። ውሃው የእማማ ወርቅአየሁን ጎመን ጠረገ፣ በርሜሉ ሄዶ የጓዳቸውን ግድግዳ መታው፣ ምርጊቱ ረግፎ እንጨቱ ታየ። ሰው አልተጎዳም። እሳቸው በባዶ እግራቸው ወጥተው ያንን ሲያዩ፣ ውሃሽ መጀመሪያ አባትሽን ሰበረ፣ አሁን ደግሞ ግድግዳዬን ብለው ጮኹብኝ። ወዲያው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

 አባባ፣ እኔ የማውቀው እርስዎ የነገሩኝን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ፣ ሊያዩኝ የመጡ ጊዜ፣ ከላይ ጫካውን ልይ ብዬ ስንሸራሸር አዳልጦኝ እግሬን ተሰበርኩ ነበር ያሉኝ። እማማ ወርቅአየሁን ቁጭ አድርጌ አንድ በአንድ አናዘዝኳቸው። ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ዳገቱ ላይ መውደቅዎን፣ ጀሪካኖቹን ከቦኖው መንገድ ላይ ያነሱት እሳቸው መሆናቸውን፣ አንዱ ተሰንጥቆ ውሃው እግርዎ ላይ ይፈስ እንደነበር፣ ለልጄ እንዳይነግሩብኝ ብለው እንዳስማሏቸው ነገሩኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ ውሃ አልቋል፣ ማታ ስመጣ እቀዳለሁ ያልኩዎ እኔ ነኝ። እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ለማያውቅ ሰው ውሃ አልቋል ይባላል? ሱሪዎን ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ጭቃው የቦኖው መንገድ ቀይ ጭቃ መሆኑን በዓይኔ አይቼ እንኳ አልነቃሁም።

ለምን እንደዋሹኝ ይገባኛል፤ ቢገባኝም ተቆጥቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ አትስማማኝም እያሉ ሲጽፉልኝ ከተማውን ስወቅስ ኖርኩ። ይቅርታ የምጠይቅበትን ዕድል እንኳ ነፈጉኝ። አሁን እጠይቅዎታለሁ። አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ተነሥቼ አይቼው መጣሁ። በርሜሉን በጣቴ ሳንኳኳው እስከ ወገቡ ሞልቷል፤ ከዚያ በላይ ገና ባዶ ይጮኻል። እግሮቹን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው። እማማ ወርቅአየሁም በመስኮታቸው አንገታቸውን አውጥተው እያዩ ነው። ጎመኑን ዛሬ ጠዋት አስቀድመው ለቅመውታል።

የአሁኑ መቆሚያ በእሳቸው እንጨት የተሠራ ነው። በዚያ እሑድ ካለቀስኩ በኋላ፣ አባቴን አምጥቼ ከዚህ ግቢ ውጭ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳላሸክማቸው ላኖራቸው ነው ብያቸው ነበር። በማግሥቱ ከሥራ ስገባ ወደ ጓሮ ወሰዱኝና አራት የጥድ ቋሚዎች አሳዩኝ። የሟች ባለቤታቸው የድሮ የግቢ በር ቋሚዎች ናቸው፣ ሃያ ዓመት ደርቀዋል። ለአባትሽ አድርጊው አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ግድግዳውን ራስሽ ትመርጊዋለሽ፣ ጎመኑንም ትተክያለሽ አሉ። ሁለቱንም አደረግሁ።

መሮ ለመዋስ ሬድዋን ዘንድ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሄድኩ። የአናጢው ልጅ እንዴት ነሽ ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን ከጎረቤቱ ለምኖ ሰጠኝ። ከዚያ እርስዎ የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች ሲሠሩ ምን ያደርጉ እንደነበር ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩ። እግሮቹን ከላይ ሰብሰብ፣ ከታች ሰፋ ያደርጓቸው ነበር። ሚስማር ከመምታትዎ በፊት እንጨቱ ከእንጨቱ የሚገባበትን ቦታ በመሮ ይፈለፍሉ ነበር። በየጎኑም ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ያስሩ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት የያዘች ልጅ ለካ ብዙ ታያለች። አንዱን ፍልፍል አስፍቼ አበላሸሁትና ሽብልቅ መታሁበት፤ ሲያዩት እንዳይስቁ። እግሮቹንም መሬት ውስጥ እንዳይበሰብሱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆምኳቸው። ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀብኝ፣ መዳፌም ውሃ ቋጠረ።

ሬድዋንም እማማ ወርቅአየሁም ዝቅ አድርጊው ነው ያሉኝ። ዝቅ ቢል በቀላሉ እንደማይወድቅ እኔም አላጣሁትም። ነገር ግን ቧንቧው ዝቅ ካለ ውሃ የሚቀዳው ሰው ማጎንበስ አለበት፤ ያ እግር ደግሞ አይታጠፍም። ስለዚህ በርሜሉን ከፍ አድርጌ ከቧንቧው ሥር ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን የምታስቀምጥ መደርደሪያ አሰብኩ። ማንንም ሳይለምኑ፣ ቆመው ቀድተው፣ ቆመው ያነሧታል። ልኩን ከየት ላምጣ ስል እኔ ጋ የቀረው ሱሪዎ ትዝ አለኝ። አውጥቼ ከኪሱ እስከ እግሩ ጫፍ ለካሁት፣ ሳንቃውንም ቆረጥኩ። ልመታው ስል እጄ ቆመ። ሱሪው ከመሰበርዎ በፊት የተሰፋ ነው። ዳንኤል እንደጻፈልኝ ወጌሻው ከፈታው ወዲህ ያ እግር ሁለት ጣት አጥሯል፤ ከዘራ ይዘው ሲቆሙ ምን ያህል ዘመም እንደሚሉም አላየሁም። የገዛ አባቴን ቁመት አላውቀውም ብዬ መዶሻውን እንደያዝኩ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳንቃው እስከ ዛሬ አልተመታም።

አሁን ደግሞ ሲጥጥ ሲል ሰምቼ እስክሪብቶውን ጥዬ ሮጥኩ። ዝናቡ ላይ ቆሜ ስመለከት አንደኛው እግር ከድንጋዩ ጋር ለመስማማት ትንሽ ቁጭ ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላለም። በርሜሉ ሞልቶ በአፉ እየፈሰሰ ነው። በትከሻዬ ተደግፌ ገፋሁት፤ እኔ አዳለጠኝ እንጂ እሱ አልተንቀሳቀሰም። እማማ ወርቅአየሁ በመስኮት ሆነው ይበቃል፣ ግቢ፣ ታመሽ አባትሽን ማን ሊያስታምም ነው አሉኝ። የጻፍኩበት ወረቀት ላይ የሚያዩት ውሃ ከፀጉሬ የተንጠባጠበ ነው፤ እንባ እንዳይመስልዎ። ጥቂቱ ግን ሳይሆን አይቀርም።

መቆሚያው ይችላል አባባ። የቀረው የእርስዎ ነገር ነው። በመጨረሻው ደብዳቤዎ ዳንኤል ወደ ጂንካ መዛወሩን፣ መስከረም ላይ ከነቤተሰቡ እንደሚሄድ ነግረውኛል። እኔ ከአክስትሽ ጋር እሆናለሁ ያሉትን አልተቀበልኩትም። አክስቴ ውዴ ልጇ ቤት እንደምትገባ ለእኔም ጽፋልኛለች፤ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዎን ሊቀሩ ነው። ይህን እያሰብኩ ሥራ ላይ ፋይል በማይሆን ቦታ አስገብቼ ተቆጥተውኛል። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን ሁለተኛ አልጋ ይገባል። ደረጃ የላትም። አምልኮ የምንሄድበት መንገድ ሜዳ ነው፤ የቦኖውን ዳገት ደግሞ ማየት አያስፈልግዎትም።

ለወንድሜ ለዳንኤል ሰላም ይበሉልኝ፤ መጋዙ የእሱ ብቻ አለመሆኑን ይንገሩልኝ። ለባለቤቱ ለሣራ፣ ለጂንካው ጉዞ እግዚአብሔር ብርታት ይስጥሽ ብላለች ይበሏት። ትንሹን ኤልቃናን ሁለት ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ ጥርስ አውጥቶ ከሆነ ጣትዎን እንዳያስነክሱ። አክስቴን ውዴን፣ ወገቧን እንዴት እንዳደረጋት ይጠይቁልኝ። እማማ ወርቅአየሁ ለእርስዎ ሰላም ብለዋል፤ መሐላቸውን በማፍረሳቸውም ይቅር ይበሉኝ ብለዋል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሲባጎ አለ። ጫማዎን አድርገው፣ ከዘራዎን ይዘው ይቁሙ። አንዱን ጫፍ ዳንኤል መሬት ላይ ይርገጥልዎ። ከዘራ ያልያዘው እጅዎን ዘና አድርገው ሲያወርዱ መዳፍዎ የደረሰበት ላይ እሱ ይቋጥርበት። የጀሪካኗ እጀታ ከዚያ ቋጠሮ ጋር እኩል እንዲሆን ነው ሳንቃውን የምመታው። ሚስማሩ መሥሪያ ቤት በምይዘው ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሲባጎውን ግን በፖስታ እንዳይልኩት። ኪስዎ ውስጥ ከትተው ይዘውት ይምጡ።

ልጅዎ ፌበን ከበበ
አዲስ አበባ፣ የካ ሚካኤል
ቅዳሜ ሐምሌ 13 ቀን 1994 ዓ.ም.