ያልጠቆረው ቋንጣ

ይድረስ ለልጄ ለጸደንያ፤

የመካኒሳው አቦ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ታክሲ ስሳፈር ብቻ ጉልበቴ ያስቸግረኛል። ኩሽናው ክረምቱን ሲያፈስ ከርሞ አባትሽ በስንት ጭቅጭቅ ቆርቆሮውን አስቀየረ።

የቋንጣሽ ፎቶ ደርሶኛል። ለምንድን ነው የቀላው? የእኛ ቋንጣ ሲደርቅ ይጠቁራል። ጎረቤታችን ሶሬቲም አይታው «ይሄ ሥጋ የደበቀው ነገር አለ» አለችኝ። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ከተራው ጨው ጋር ሥጋውን ቀይ አድርጎ የሚያቆይ ሮዝ ጨው ጥቂት ጨመርኩበት ብለሻል። ሮዝ ያደረጉት ከገበታ ጨው ጋር እንዳይምታታ ከሆነ፣ ቢምታታ ይጎዳል ማለት ነዋ! በይ ለብቻው ቆልፈሽ አስቀምጪው።

ደግሞስ «ጨው በግራም ተመዝኖ ነው» ያልሽው፣ የሚመዝነው ማን ነው? አንቺ እንደሆንሽ ጨው ስትጨምሪ እጅሽ ልክ አያውቅም። ቋንጣም ብትይ፣ ከፍርፍሩ ውስጥ እየለቀምሽ ለወንድምሽ ለመኩሪያ ነበር የምትሰጪው። ገመዱን ደግሞ አየሁት፤ ጣሪያው ሥር ነው የታሰረው። አንቺ እንደኔ አጭር ነሽ፤ ወንበር ላይ ብትቆሚም አትደርሺበትም።

እኔ ምንም አላልኩም። ለአባትሽም አልነገርኩት።

እመቤቴ በጥላዋ ትከልልሽ፤ የምትበይውን ሁሉ ትባርክልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አቦ ሄጄ ስምሽን ለጸሎት ስሰጥ፣ ከጎንሽ ያለውን «እገሌ» ማለት አይሆንልኝም። የክርስትና ስሙን ላኪልኝ፤ ካለው ማለቴ ነው።

እናትሽ አፀደ