የሻለቃ ምልኬሳ ጎራዴ

ሲኤምሲ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለመቶ አለቃ ፌናን ምልኬሳ፤ ጁባ

ፌናንዬ፣ የእናትሽ ዓይን፣ እንዴት ነሽ? ሙቀቱስ? እኔ ከአባትሽ ሞት ወዲህ እንደዚህ ሳምንት ደህና ሆኜ አላውቅም። በስልክ እንዳልነግርሽ ሳቁ አያስጨርሰኝም፤ ባልደረባሽ ይትባረክ ከፈቃድ ሲመለስ ይህን ያደርስልሻል።

አጎትሽ ጅሬኛ በልቅሶው ላይ ያለውን መቼም አልረሳሽውም። አባትሽ የሰልፍ ጎራዴውን ላንቺ እንደተናዘዘ እያወቀ፣ በለቀስተኛው ፊት «ሴት ልጅ ጎራዴ ምን ያደርግላታል? ማማሰያ ይበቃታል። በአርባው እወስደዋለሁ» አለ። አንቺ አንገትሽን ደፋሽ። እኔ ቂሜን ቋጠርኩ።

በአርባው ወስዶ ሳሎኑ ሰቀለው። አንድ ቀን ወታደር ሆኖ የማያውቅ ሰው፣ ለእንግዳ ሁሉ «የቤታችን ጎራዴ» ይላል አሉ።

ባለፈው እሑድ ልጁን አሌክስን ቦሌ ሆቴል ደግሶ ዳረ። ኬኩ በጎራዴ ይቆረጣል ተባለ። ጅሬኛ ሱፉ ላይ ታጥቆት ብቅ አይል መሰለሽ! ማይክራፎን ይዞ «የጀግናው ወንድሜ ጎራዴ!» አለና ለሙሽራው ሰጠው። አሌክስ እጀታውን ይዞ ሲመዘው፣ ከአፎቱ የወጣው የወጥ ማማሰያ ነው።

አዎ፣ የኔው ማማሰያ! አባትሽ በየእንቁጣጣሹ እጀታውን ፈቶ ስለቱን ዘይት ሲቀባ፣ ብሎኑን የምይዝለት እኔ አልነበርኩም? ከአርባው በፊት ስለቱን አውጥቼ ማማሰያውን ጠርቤ፣ እጀታው ላይ በብሎኑ አጥብቄ አፎቱ ውስጥ ከተትኩት። ጎራዴ የሚያውቅ ቢሆን ሊያጸዳ ሲመዘው ያገኘው ነበር። እሱ አፎቱን በጨርቅ ሲወለውል ኖረ።

«ምንድን ነው ይሄ?» ሲል ማይክራፎኑ ለአዳራሹ አሰማው። ብድግ ብዬ «ማማሰያ ይበቃል ብለህ የለ፣ ጅሬኛ?» አልኩት። ሙሽራዋ ሮዳስ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ማን ያቁመው። አሌክስ አሳዘነኝ፤ እሱ ምን አደረገ? አባቱን ግን ይበለው።

ትናንት እጀታውንና አፎቱን ልመልስ ብሎ ሽማግሌ ላከ። «ለእኔ አይመልስም» አልኳቸው። «ፌናን ስትመጣ ኤርፖርት ድረስ ሄዶ፣ ሰው እያየ፣ በሁለት እጁ ያስረክባት።» ያን ጊዜ ይቅር እለዋለሁ። እለው ይሆናል።

የአባትሽ አምላክ ከጥይትም ከወባም ይጠብቅሽ፤ በወጣሽበት እግር ይመልስሽ። ስለቱን ዘይት ቀብቼ፣ በጋቢው ጠቅልዬ፣ አልጋው ላይ በአባትሽ በኩል አስተኝቼዋለሁ። ስትመጪ ውሰጂው። እስከዚያ ግን ጎኔ ባዶ አይሁን።

እናትሽ ብርቄ