የግራው ባሌስትራ

ሰኞ፣ ሚካኤል

ፒካፗን በትራክተር ጎትተው የጋራዥ ግቢዬ አስገቧት። የኋላ ግራዋ ወድቋል። ቆማ እንኳ ወደ አንድ ጎን ታዘማለች። ከቡሬ ወደ ፍ/ሰላም ስትመጣ ቁልቁለቱ ላይ የተገለበጠችው እሷ ናት። ባለቤቷ ደሳለኝ ከኋላ በቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሞተ። ቅጥር ሾፌሩ ይበልጣል ተረፈ።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን እኔ ላይ ጣሉት። ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ወይስ የመኪናዋ፣ መርምርና ማርያም ደጅ ምለህ ተናገር አሉኝ። የመኪናዋ ነው ካልኩ ዕርቅ ይወርዳል። የሾፌሩ ነው ካልኩ የሟች ወንድም አንዳርጌ ደም ይመልሳል። ይህችኛዋን ማንም በአፉ አላላትም። ሁሉም ያውቃታል። እስክናገር ድረስ ማንም ማንንም እንዳይነካ ገዘቱ።

አንዳርጌ ግዝቱን ምሳ ሰዓት አላደረሰውም። ይበልጣል ልብሱን ሊያወጣ ጋቢና ውስጥ ጎንበስ ሲል አናቱን በሰደፍ መታው። ሲወድቅ ደገመው። በስንት ሰው ተያዘ። የይበልጣል ደም ከመሬቱ ዘይት ጋር ተደባለቀ፤ አሸዋ በተንኩበት፣ አሁንም ይታያል።

ማስታወሻዬ፣ እኔ ምን አደረግሁ? የብሎን መፍቻ እንደያዝኩ ቆሜ አየሁ።

ረቡዕ፣ አቡነ አረጋዊ፤ ከጧቱ 3 ሰ.

ከኪዳን መልስ ጀመርሁ። ጎማዎቹን እኩል ነፋሁ። ደልዳላው ላይ አቆምኋት። ከጎማው መሀል በላዩ እስካለው ፓራፋንጎ ጫፍ በሲባጎ ለካሁ፤ ግራው አራት ጣት ዝቅ ይላል። ከዚያ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል። ቀኝና ግራ እኩል መምጣት ነበረበት። አልመጣም። የግራው ጎማ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ኋላዋ ፊቷን አይከተልም ማለት ነው። እንዲህ ያለች መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝባት ቂጧን ትወረውራለች።

ግን መቼ ሸሸ? ሳትገለበጥ ወይስ ስትገለበጥ? አንድ ነፍስ በዚህች ላይ ተንጠልጥላለች።

6 ሰ. ከገበያው በኩል የሰሞኑ ተኩስ ተነሣ። መኪናዋ ሥር ገባሁ። የጎረቤት ቆርቆሮ ሲበሳ ሰማሁ። አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ መሀሉ ጠፋኝ። ሲበርድ አንድ ሰው በቃሬዛ አሳለፉ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የዚያን ቀን ብሎን አልፈታሁም።

ዐርብ፣ ኪዳነ ምሕረት

መታሁት።

አንዳርጌ ብቻውን መጣ። ይበልጣልን ቤቴ አስተኝቼ ቁስሉን እንደማጥብ ሰምቷል። አንቱ ይለኝ የነበረ ሰው አንተ አለኝ። «አንተ ሽማግሌ፣ ብረት ነው የምትመረምረው ወይስ ልጁን የምትታቀፈው?» አለ። ሚስቱን የቀበረ ሰው ወንድም የቀበረውን ያውቃል ብዬ ነበር፣ አንተ ለካ ልብህንም አብረህ ቀብረሃል አለኝ። አፈ ሙዙን ደረቴ ላይ አስደገፈ። የክሪኩ እጀታ በእጄ ነበር። የእጁ አንጓ ላይ አሳረፍሁት።

አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ደስ አለኝ። ይህን ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ፣ ላንተም ልጻፈው፤ ደስ አለኝ፣ ልደግመውም እጄን አንስቼ ነበር። ይበልጣል ከውስጥ ጋሼ ብሎ ባይጠራኝ እደግመው ነበር።

ሚስቴ እናኑ በሕይወት ሳለች፣ አንተ እኮ ደግ የሆንከው የነካህ ስለሌለ ነው ትለኝ ነበር። እስቅ ነበር። የነፍስ አባቴ ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴ ያማል። ይመመው።

ሰኞ፣ ገብርኤል

ፈታሁት። ጭነቱን የሚሸከመውን የግራውን ባሌስትራ፣ ድርብርብ የብረት ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚወጋው የመሀል ብሎን ተቆርጧል። የተቆረጠበት ፊት ቡናማ ነው፣ ዝገቱ የበላው። የሰሞኑ ስብራት ቢሆን ያበራ ነበር። መኪናዋ ሳትገለበጥ ከብዙ ጊዜ በፊት ተሰብሯል። የኋላ ጎማዎቹን የያዘው አክሱል የሚያስረው አጥቶ የሸሸው ለዚያ ነው።

ሌላም አለ። ከቅጠሎቹ አንዱ የእሷ አይደለም። ወፍራም፣ የሌላ መኪና፤ አንድ ጫፉን ቀጥቃጭ ለማረሻ ቆርጦበታል። ግራው ሲዘምባቸው ብሎኑን ሳይቀይሩ ይህን ደርበው ከፍ አደረጉት። እስክትገለበጥ ድረስ ከፍ አለ። ስብራቱ ተሸፈነ። ከላይ ለሚያይ፣ ለሾፌሩም፣ የተጠገነች መስላለች።

ይበልጣል ነጻ ነው። እሰይ አልሁ፣ ብቻዬን።

8 ሰ. አንዳርጌ መጣ። ጠመንጃው በግራ ትከሻው፣ ቀኝ እጁ በሻሽ ታስሮ። ወደ አንቱታው ተመልሷል። «አያ፣ እጄን ይቅር ብያለሁ። ያገኙትን ግን ከሽማግሌ በፊት ለእኔ ያሳዩኝ» አለ። አሳየሁት። ብሎኑን አየ፣ አገላበጠ። ቅጠሉን ሳቀብለው በአውራ ጣቱ የተቆረጠውን ጫፍ ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ። መሬት ላይ ተቀመጠ።

ግማሹ ማረሻ ሆኖ ሞፈሬ ላይ ነው አለ። ቀሪውን ለከርሞ ማረሻ ብሎ ቆጥ ላይ አስቀምጦት ነበር። ደሳለኝ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ተኛችብኝ፣ መንገዱ ሳይዘጋ በቆሎውን ላድርስ ብሎ ሲለምነው በገዛ እጁ አውርዶ ሰጠው። ቡሬ ወስዶ ያስደረበው ደሳለኝ ራሱ ነው።

ብሎኑ ቀድሞ ተሰብሮ ነበር፣ አንተ ብረት ሰጠህ እንጂ አልሰበርህም አልሁት። የሰማኝ አይመስለኝም።

«ታዲያ አሁን ማንን ልግደል፣ አያ?»

ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ቅጠሉንም ይዞ ሄደ፣ በተሰበረው እጁ አቅፎ።

9 ሰ. ረቡዕ ማርያም ደጅ ቆሜ ስለ ብሎኑ እምላለሁ። ብረቱን ማን ሰጠ ብለው ካልጠየቁኝ አልናገርም። ከጠየቁኝም ባለቤቱ ይናገር እላለሁ። ይህ ሐሰት ከሆነ በእኔ ይሁን።

ረቡዕ ግን ሩቅ ነው። የሚገድለው ያጣ ሰው ጠመንጃ ይዞ ወደ ባዶ ቤት ሄዷል። ለይበልጣል ውኃና ቆሎ አስቀምጬለታለሁ፣ በሩን ከውስጥ ይዘጋል። እኔ አንዳርጌ ዘንድ እሄዳለሁ። ጠመንጃውን ስጠኝ እለዋለሁ። ካልሰጠኝ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ቢሰድበኝም፣ የእጁን ቢመልስብኝም። ማደር ካለብኝ አድራለሁ። ጋቢዬን ለብሻለሁ።