የቶማ ልጅ ዘር

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ኤልሳዕ ቶማ፣

ከአገር ቤት የላክሁት ሰላምታ ባለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የደርባን ብርድ ጀመረ? ወገብህንስ ተወህ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ዛሬም ማለዳ ተነስታ እንሰቷን ሳታይ አትውልም። ናፍቆትህ ብቻ ነው የጎዳን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስልኩ እየተቆራረጠ አላስወራ ስላለኝ ነው። የሐበሻ ሽንኩርት ዘር ላመርት ነው ስልህ «ኮረቱ እያለ አበባው ምን ያደርግልሻል?» ብለህ ስቀህብኝ ነበር። አልፈርድብህም፤ እኛ ቤት ሲተከል ያየነው ኮረቱ፣ ማለት ራሱ ሽንኩርቱ ብቻ ነው። ግን ኮረት መትከል ካመረቱት ብዙውን መልሶ መቅበር ነው፤ ጎተራ ውስጥም ይበሰብሳል። ከአበባው የሚገኘው ጥቁር ዘር ግን አንድ ጣሳው ሰፊ መሬት ይሸፍናል። ይህን ያስተማረችን ብርሃኔ የምትባል የወረዳችን የግብርና ባለሙያ ናት።

በጥቅምት ወንዙ ዳር ባለው መሬታችን ላይ ጤነኛ ጤነኛውን ኮረት መርጬ ተከልኩ። ሰው ነቅሎ ሲሸጥ እኔ ዝም ብዬ ሳጠጣ ያልሳቀብኝ አልነበረም። በጥር አበባው ሲፈካ ማሳው ነጭ ኳስ የተሰካበት መሰለ። የንቡ ድምፅ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።

አበባው መፍካት በጀመረ ሰሞን ብርሃኔ ልታይልኝ መጣችና ፊቷ ተለወጠ። ከድንበራችን ማዶ ጋሽ አንጁሎ ገበያው እስኪወደድ ብለው ያቆዩት ሌላ ዓይነት ሽንኩርትም ማበብ ጀምሮ ነበር። «ንቡ እዚህና እዚያ ይመላለሳል። ከተዳቀለ ዘርሽ ንጹሕ አይሆንም፤ የዘር ተቆጣጣሪው አያሳልፈውም» አለችኝ።

አባታችን ካረፈ በኋላ ከሳቸው ጋር በድንበር መቀያየማችንን ታውቃለህ። ቢሆንም ሄጄ አበባውን እንዲቆርጡት ለመንኳቸው። «በገዛ መሬቴ ለሚያብብ አበባ ካንቺ ፈቃድ ልጠይቅ?» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እማዬ «ተነሽ» አለችኝና በዚያ ጉልበቷ እያነከሰች ቀደመችኝ። ደጃቸው ቆማ በወላይትኛ እንዲህ አለቻቸው፦ «አንጁሎ፣ የድንበሩን ነገር ሽማግሌ ያየዋል። ልጄ የለመነችህ መሬት አይደለም። አበባውን ራሷ ትቁረጠው፣ ኮረቱ ያንተው ነው። ዘሩ ሲደርስም መጀመሪያ ባንተ መደብ ላይ ይዘራ።»

ጋሽ አንጁሎ ማጭዳቸውን ከጣሪያው ሥር መዘዙና «እጇን ትቆርጣለች፤ እኔው አደርገዋለሁ» አሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረን ስንቆርጥ ዋልን። እኔም በማግስቱ ከራሴ ማሳ ቀድሞ የፈካውን አበባ ሁሉ ቆርጬ ጣልኩ። ያልፈካው ብዙ ቢሆንም ቆጨኝ፤ ግን የተጠራጠርኩትን ዘር ለሰው መስጠት አልፈለግሁም።

በመጋቢት የአበባው ራስ ሲደርቅ ሳይራገፍ ለቀምን፣ ወቃን፣ አበጠርን። ናሙናው ሶዶ ሄዶ ተመረመረና ከመቶው ሰማንያ ዘጠኙ በቀለ። ማሳዬም የተቆጣጣሪውን ፍተሻ አለፈ። ብርሃኔ ውጤቱን ስትነግረኝ መንገድ ላይ አቅፌ አነሳኋት!

ዛሬ ከሻንቶ ድረስ ዘር ፍለጋ የሚመጣ ገበሬ አለ። የጋሽ አንጁሎ መደብ ግጥም ብሎ በቅሏል። አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ «የቶማ ልጅ ያመረተችው ነው» ይላሉ። ድንበሩንም ባለፈው ሳምንት በሽማግሌ ጨረስን።

በዘር ከረጢቱ ላይ «አምራች፦ ብሩክታይት ቶማ» ተብሎ ታትሟል። እማዬ ፊደል ስለማታውቅ «የቶማ ስም የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ጣቷን ይዤ ስሙ ላይ አስቀመጥኩላት። ትንሽ ዳሰሰችውና «ቶማ ቢያየው» አለች። አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ከረጢቱን አውጥታ ራሷ ታሳያለች።

ባለቤትህን ሜላትን ሳምልኝ፤ ትንሿን ትንሳኤንም ጉንጯን ስመህ አክስትሽ ናት በልልኝ። እማዬ እጇን ዘርግታ መርቃሃለች። ጋሽ አንጁሎም «ለልጄ ሰላም በይልኝ» ብለዋል። ጌታ በያላችሁበት ይጠብቃችሁ።

እህትህ ብሩክታይት ቶማ
ገሱባ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.