ጭንብሉ እስኪለምደኝ

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡00

ማስታወሻዬ፣ አስቀድመህ ማወቅ ያለብህ ነገር አንድ ነው፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ ትንፋሼ ይቆማል። ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቆማል። እኔ አይታወቀኝም። የምታውቀው ባለቤቴ አስቴር ናት። ስንት ዓመት ሙሉ በክርኗ እየጎሸመች "ተንፍስ!" ስትለኝ አድራለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ለእሷ የደም ግፊት መድኃኒት ታዘዘላት። ሐኪሙ መተኛት አለብሽ አላት። ሻንጣዋን ይዛ አቦምሳ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች። አልተጣላንም። በር ላይ ቆማ ያለችኝ ይኸው ነው፦ እኔ ሳልጠብቅህ መተንፈስ የቻልክ ቀን እመለሳለሁ።

ለእኔ የታዘዘልኝ ማሽን ነው። ራስጌ ይቀመጣል፤ በቱቦና በጭንብል አየር እየነፋ ጉሮሮዬ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ክሊኒኩ ለአንድ ወር በሙከራ ሰጥቶኛል፤ የሚስማማኝን ጭንብል እስካገኝ።

ዛሬ አራተኛ ሌሊቴ ነበር። ጭንብሉ እንደገና ወለሉ ላይ። ማን እንዳወለቀው አላስታውስም፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ማሽኑ ጠዋት ጠዋት የሠራበትን ጊዜ ያሳያል። ሁለት ሰዓት ከ10 ደቂቃ።

ደንብ አወጣሁ። ሰባት ሌሊት በተከታታይ፣ እያንዳንዱ ከአምስት ሰዓት ሳያንስ። ያ ሲሞላ አስቴርን ነይ እላታለሁ። ሳይሞላ አልልም። ያልተፈተነ ነገር አላስረክብም።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ፣ ጠ. 1፡20

2 ሰ. ከ25 ደ.። ጭንብሎቹን ከዛሬ ጀምሮ በቁጥር እጠራቸዋለሁ። ጭ1 አፍና አፍንጫ ይሸፍናል። በአፍንጫዬ አጥንት ላይ ቀይ መስመር አውጥቷል። በማስመሪያ ለካሁት፤ ሁለት ሳ.ሜ.። አየር ሲያፈተልክ ማሰሪያውን አጠብቃለሁ፤ ሲጠብቅ ያቆስለኛል፤ ሲያቆስለኝ አላላዋለሁ፤ ሲላላ ያፈተልካል። እንዲህ ሲሆን ነጋ።

ዳቦ ልገዛ ሀጂ ሰይድ ሱቅ። ሀጂ ጎረቤቴ ነው፤ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ የእሱም ግድግዳ ነው። አፍንጫዬን ትኩር ብሎ አየና አስቴር ተመለሰች እንዴ አለኝ። አልተመለሰችም አልኩት።

"ታዲያ ማን ቧጨረህ?"

ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ቁስሉ ተሳበ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡00

ጠዋት ክሊኒክ ነበርኩ። ሲ/ር ጫልቱ ገና ስገባ "አከም ቡልተን፣ መምህር?" አለችኝ። እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። በኦሮምኛ ሲጠይቁኝም በአማርኛ ሲጠይቁኝም ዕድሜ ልኬን ደኅና ብዬ ነው የመለስኩት። ዛሬ ሠንጠረዥ አውጥቼ ሰጠኋት። ዓምዶቹ፦ ቀን፤ የተኛሁበት ሰዓት፤ እራት (ቀላል/ከባድ)፤ ትራስ (አንድ/ሁለት)፤ ጎን (ግራ/ቀኝ)፤ ነፋስ (አለ/የለም)። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እንዲህ ያለ ታካሚ ገጥሟት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁም።

ያዘዘችኝ፦ ከማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ጭንብሉ ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል። ማሽኑ ውስጥ የሚጨመረው ውሃ ከፋርማሲ የሚገዛው የተጣራ ውሃ ነው፣ የቧንቧ አይሆንም። አልተከራከርኩም። የአዳማ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚተወውን ነጭ ድንጋይ በየወሩ የምፍቀው እኔ ነኝ።

ጭ2ን ሰጠችኝ። አፍንጫ ብቻ ይሸፍናል። ትንሽ ነው፤ ገና ሳየው ወደድኩት።

ኅዳር 9፣ እሑድ፣ ከሰዓት 8፡00

ጭ2። ሦስት ሌሊት። 3 ሰ. ከ40፤ 3 ሰ. ከ15፤ 3 ሰ. ከ30። አያቆስልም፣ አያፏጭም። ግን ሦስት ሰዓት ግድም እንደተኛሁ ታፍኜ እነቃለሁ። አየሩ ትኩስ፣ የተተነፈሰ የሚመስል። ቦጭቄ አወልቀዋለሁ።

ዛሬ ቸርች፣ ስብከቱ መሐል እንቅልፍ ጣለኝ። ማንኮራፋቴን ያወቅሁት የልጄ የምህረት ክርን ጎኔን ሲወጋኝ ነው። (ምህረት ከእኔ ጋር ትኖራለች። ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ በሚኒባስ ትመላለሳለች። ክርኗን ከእናቷ ወርሳለች።) ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ዞር አሉና በትሕትና "አሜን" አሉኝ።

መሬት ብትውጠኝ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ምሽት 1፡00

ጭ3ን ተቀብዬ መጣሁ። መሸፈኛ የለውም፤ ሁለት ትንንሽ ለስላሳ ጫፎች አፍንጫ ቀዳዳ ሥር ይቀመጣሉ፣ በቃ። ሲ/ር ጫልቱ ከዚህ የቀለለ የለም አለችኝ።

ትራሱን ቀየርኩ። እራት አሳነስኩ። መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሠንጠረዡ ሁለተኛ ገጽ ሞላ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ፣ ጠ. 1፡00

ጭ3። 3 ሰ. ከ20። ያው መታፈን። ሦስት ጭንብል፣ አንድ ውጤት።

ማሽኑን ካርቶኑ ውስጥ መልሼ ማሰሪያ ስፈልግ ምህረት ለሥራ ልትወጣ ስትል ያዘችኝ። ማሽኑ ለእኔ ፊት እንዳልተሠራ አስረዳኋት። ሠንጠረዡን አሳየኋት። ጫማዋን እያሰረች አዳመጠችኝና፦ "አባዬ፣ ማሽኑን እንደ ፈተና ወረቀት እያረምከው ነው። ሰውዬውን ማን ያርመው?"

በሩን ዘግታ ሄደች። ካርቶኑን ከፍቼ ማሽኑን ወደ ቦታው መለስኩት። ለአንድ ቀን።

ኅዳር 14፣ ዓርብ፣ ምሽት 2፡30



አስቴር ደወለች። ድምፅዋ ጥርት ያለ። አቦምሳ በሌሊት ስምንት ሰዓት ሙሉ እንደምትተኛ ነገረችኝ፤ እህቷ ቀስቅሳ ነው ቁርስ የምታበላት። ደስ አለኝ። ከዚያ ወጋ አደረገኝ። እዚያ እንደዚያ እየተኛች ለምን ትመለሳለች?

ስለ እኔ ጠየቀችኝ። ሠንጠረዡን አነበብኩላት፣ ሁለቱንም ገጽ። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

"ጋቢውስ?" አለች።

የምን ጋቢ አልኳት።

"ተከናንበህ አይደል እንዴ የምትተኛው? ከነፊትህ!"

ማስታወሻዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋቢ ከራሴ በላይ ሳልስብ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። አባቴም እንዲያ ነበር የሚተኛው። ሲ/ር ጫልቱ ስለ ትራስ ጠየቀችኝ፣ ስለ አፌ፣ ስለ ጺሜ ጠየቀችኝ። ስለ ጋቢ አልጠየቀችም፤ ሰው ጭንብል አድርጎ ይከናነባል ብላ አላሰበችም። እኔም አልነገርኳትም። ስድስት ዓምድ አስምሬ ለጋቢ አላሰመርኩም። የማደርገው ነገር መሆኑን አላውቅማ።

ጭንብሎቹን አምፖሉ ሥር ይዤ አየኋቸው። ሦስቱም ፊት ለፊታቸው ላይ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሏቸው። የተነፈስኩት አየር የሚወጣው በእነዚያ ነው። እኔ ደግሞ በላያቸው ጋቢ እደርብና የራሴን ትንፋሽ መልሼ ስስብ አድራለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። የታፈነ አየር የት እንደሚሄድ ስንት ልጅ ሰሌዳ ላይ አውጥቼ ጠይቄያለሁ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለች። ጋቢውን ከፊቴ ላይ ሁልጊዜ እሷ ነበረች የምታነሣልኝ። እኔ በእንቅልፍ ልቤ መልሼ እስበዋለሁ፤ እሷ ታነሣዋለች። አንዳንዴም እነቃና እቆጣታለሁ። ይኼን አስታውሳለሁ። ብርድ ታስገቢብኛለሽ እያልኩ።

ብርድ።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ፣ ጠ. 1፡40

6 ሰ. ከ20 ደ.!

ጋቢው እስከ ደረት ብቻ። ራሴ ራቁቱን የቀረ መሰለኝ፤ የምህረትን የሱፍ ኮፍያ አደረግሁ። ጭ3። አንዴ እንኳ አልነቃሁም። ጠዋት አፌ አልደረቀም፣ ራሴን አላመመኝም። ቁጭ ብዬ ማሽኑን አየሁት። ቁጥሩ ሲጠፋ ቁልፉን ተጭኜ ደግሜ አየሁት።

ለአስቴር ልደውል ስልኩን አነሣሁ። ደንቡን አስታወስኩ። አስቀመጥኩት። አንድ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ፣ ጠ. 1፡15

ትናንት 5 ሰ. ከ50፣ በጭ3። ቸርችም ስብከቱን እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ዞረው አዩኝ፤ ሁለቴም ዐይኔ ክፍት ነበር።

ግን ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም። ጭ1 እና ጭ2 በጋቢ ጥፋት ነው የወደቁት። እንደገና ሊፈተኑ ይገባል። ምህረት አበድክ አለችኝ። የተስማማህን ያዝና ተኛ! ፈተና እንደሚደገም ነገርኳት።

ጭ1፣ ዛሬ ሌሊት፦ 5 ሰ. ከ05። አለፈ፤ ቁስሉ ግን ተመለሰ። በክብር ተሰናበተ። ሦስት።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ፣ ጠ. 1፡00

ጭ2፦ 6 ሰ. ከ45። ጭ3 ስገላበጥ ይንሸራተት ነበር፤ ይኼ ከቦታው አይነቃነቅም። መኖሩን እረሳለሁ። ጭንብሌ ይኼ ነው። ወይ እኔ ለመድኩት፣ ወይ እሱ ለመደኝ። አራት።

ሀጂ ሰይድ ዛሬ ከሱቁ ወጥቶ ያዘኝ። ሰሞኑን ግድግዳው ዝም ሲልበት ሰግቶ ጆሮውን ለጥፎ ማዳመጡን ነገረኝ። "ወላሂ፣ ሞቶ ይሆን ብዬ ምህረትን ልጠራት ነበር" አለኝ። የሚሰማው ነገር ማጣቱ ነው ያስደነገጠው። ሳቅን። ቤት ስደርስ ሳቁ ለቀቀኝ። አስቴር እንደዚያ እያዳመጠች ነው ስንት ዓመት የኖረችው።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ፣ ጠ. 1፡00

ትናንት 7 ሰ.። ዛሬ 6 ሰ. ከ30። ስድስት። አንድ ቀርቶኛል። ጭንብሉን አጠብኩ፣ ጥላ ላይ አሰጣሁ። የአስቴርን ትራስ ልብስ ቀየርኩ። ከደንቡ ጋር አይጋጭም።

ኅዳር 21፣ ዓርብ፣ ጠ. 12፡40

መብራት ሄደ። ማሽኑ ቆመ። 3 ሰ. ከ05 ደ.። ያለ ማሽን ጥቂት እንዳሸለብኩ ተነሥቼ ወንበር ላይ አነጋሁ።

በደንቡ መሠረት ከአንድ እጀምራለሁ።

ዳቦ ስገዛ ሀጂ ከመደርደሪያው ማዶ ገና ሲያየኝ እጁን አነሣ። "ሌሊት ተመልሰህ መጣህ! ግድግዳዬ አወቀህ!" ምህረት ደግሞ ስለ ደንቡ ስነግራት ሻይዋን አስቀመጠች። መብራት ስለሄደ እናቴ አትምጣ ነው የምትለኝ? ብላ ጠየቀችኝ። ደንብ ደንብ ነው አልኳት። "ደንቡን ለማን ነው ያወጣኸው፣ አባዬ? እሷ ሰባት አላለችም።"

እውነቷን ነው። ገጽ አንድን ገልጬ አየሁ። አስቴር ቁጥር አልተናገረችም። ሰባቱ የእኔ ነው። መጠየቅ ፈርቼ ነው የቆጠርኩት።

ኅዳር 21፣ ዓርብ፣ ጠ. 3፡00

ወሰንኩ። የሀጂ ሰይድ እህት ልጅ አቦምሳ የሚመላለስ ሚኒባስ አለው፤ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል። ይህን ደብተር በጋዜጣ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። ስለዚህ ማስታወሻዬ፣ ከዚህ በታች ያለው ለአንተ አይደለም።

አስቴር፣

ከመጀመሪያው ገጽ አንብቢው። ሥርዝ ድልዝ አለው፤ አልገለበጥኩትም። ስድስት ሌሊት ተኝቻለሁ፤ ሰባት አልሞላም። በሕይወቴ ያልሞላ መዝገብ ሳስረክብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ብርድ ታስገቢብኛለሽ ላልኩሽ ሌሊት ሁሉ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እዚያ ስምንት ሰዓት እየተኛሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ያንን ልቀማሽ አልፈልግም። ማሽኑ ቀስ ብሎ እንደሚዞር ማራገቢያ ያህል ድምፅ አለው፤ አይብስም። ከረበሸሽ ወደ እኔ ጎን አዞረዋለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ካልተስማማሽ ምህረት ክፍል ተጨማሪ አልጋ ተነጥፏል፣ አልቀየምም። መብራት ሲሄድ ደግሞ እኔ ነኝ የምነሣው፤ አንቺ ተኚ። ለዚያም ባትሪ ይኖር እንደሆነ ሰኞ ሲ/ር ጫልቱን እጠይቃለሁ።

እኔን ለመጠበቅ አትምጪ። ከፈለግሽ ነይ።

የመጨረሻውን ገጽ ባዶ ትቼልሻለሁ። ሾፌሩ ነገ ከሰዓት ይመለሳል። መናኸሪያ በስንት ሰዓት ልጠብቅሽ? ወይም ገና ነኝ በይኝ፤ ብቻ ገጹን ባዶውን አትመልሺው። በነገው መኪና ጻፊልኝ።